ላም አለኝ በሰማይ ለሚሉን ሰዎች

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ሳትሰማ አላደግህም። አባቶች ይህን የተረቱት በእጁ ያለውን ሥራ ትቶ በማይደርስበት ነገር ለሚመካ ሰው ነው፤ በቦታው ሲነገር መልካም ምክር ነው። በዘመናችን ግን ተረቱን ያለ ቦታው እያነሡ፥ ማታ ከደጅ ቆሞ ጨረቃን በሚመለከተው፥ ስለ ሮኬትና ስለ ሳተላይት በሚጠይቀው ልጅ ሁሉ የሚያፌዙ ሰዎች በዝተዋል። ልጁም አፍሮ ዓይኑን ከሰማይ ወደ መሬት ይመልሳል። ዛሬ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ልከራከር ተነሥቻለሁ። ነገር ግን ክርክሬ ከእነርሱ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከገዛ ራሴም ጋር ነው።

በእኔ አስተያየት የሰማይ ዕውቀት በሀገራችን ሦስት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ፌዘኛው ነው፤ «ዳቦ ሳንጠግብ ጨረቃ ምን ትሠራልናለች?» ይላል። ሁለተኛው ትምክሕተኛው ነው፤ «ይህንማ አባቶቻችን ከጥንት ጀምረው ጨርሰውታል፤ የምንማረው አዲስ ነገር የለም» ይላል። ሦስተኛው አስመሳዩ ነው፤ ሰማይን እወዳለሁ እያለ ያላየውን አየሁ ብሎ ያሳያል። ከሦስቱ የቱ ይከፋል ብትለኝ፥ ሦስተኛው እልሃለሁ። ይህንንም የምለው ሰው ለመክሰስ ብዬ አይደለም። ሦስተኛው ሰው እኔ ራሴ ስለ ነበርሁ ነው።

የተወለድሁት በላስታ ደጋ፥ ከላሊበላ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ነው። በእኛ አገር ሌሊቱ ሌሊት ነው። የመብራት ብርሃን የማያደበዝዘው ሰማይ በክረምት መውጫ ሲጠራ፥ ከዋክብቱ እንደ ተበተነ ጤፍ ይታያሉ። ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አመዳይ እንደ ወረደበት ይነጣል። እረኛ ሳለሁ ጨረቃን እወዳት ነበር፤ ለምን እንደምወዳት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ኋላ ወደ ከተማ ወርጄ ስማር አጎቴ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ካሜራ አመጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍቅሬ መልኩን ለወጠ። ጨረቃን ማየቴን ትቼ፥ ጨረቃን አይቻለሁ ተብዬ መታየትን ወደድሁ። በ2011 ዓ.ም. የገና ሌሊት፥ ተሳላሚው ሁሉ ለቤዛ ኩሉ ወደ ቤተ ማርያም ሲጎርፍ፥ እኔ ከቤተ ጊዮርጊስ ገደል አፋፍ ቆሜ ምእመናኑ ጧፍ ይዘው ሲያልፉ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ሥዕሉ መልካም ነበር፤ ሰማዩ ግን ጥቁርና ባዶ ሆነብኝ። ቤቴ ተመልሼ፥ በሌላ ወር ያነሣኋትን ሙሉ ጨረቃ አምጥቼ፥ አተልቄም፥ ከመስቀል ቅርጹ ጣሪያ በላይ አስቀመጥኋት። በግርጌውም «ቤተ ጊዮርጊስ፥ በገና ሌሊት፥ 2011 ዓ.ም.» ብዬ ጻፍሁበት።

አድናቆቱ እንደ ጎርፍ መጣ። በማኅበራዊ መገናኛ ስንት ሰው ተቀባበለው! አንድ ነጋዴም በትልቁ አሳትሞ በመደብሩ ግድግዳ ሰቀለው። እኔም ስለ ሥዕሉ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር፥ ጨረቃዋ ብቅ እስክትል በብርድ ስንት ሰዓት እንደ ጠበቅሁ ሳይቀር እተርክ ጀመር። ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዱ ብቻውን ማደር ስለማይችል ጓደኛ ይጠራል።

በጥር ወር ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ፥ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ፥ ጨው ሊገዙ ወደዚያ መደብር ገቡ። እኔም በአጋጣሚ እዚያው ነበርሁ። የኔታ በበትራቸው ተደግፈው ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። እንደሚያደንቁልኝ ጠብቄ ቀረብ አልሁ።

«መቼ ነው ያነሣኸው ልጄ?» አሉኝ።

«በገና ሌሊት ነው፥ የኔታ።»

«የዘንድሮው ገና ነው?»

«አዎን፥ የዘንድሮው።»

የኔታ የጣታቸውን አንጓ እየቆጠሩ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው፥ «የዘንድሮው ዘመነ ሉቃስ አበቅቴው 25 ነው። የታኅሣሥ ሕፀጽ 2፤ ዕለቱ 29፤ ለጨረቃ የሚጨመረው 4። ድምሩ 60 ነው፤ 30 ሲገደፍ 30 ይቀራል። በዚያች ሌሊት ጨረቃ በሰማይ አልነበረችም። ታዲያ ይህችን ከወዴት አመጣሃት?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ነጋዴው ከሚዛኑ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። የኔታም አልተቆጡኝም። «ልጄ፥ ጨረቃ በየወሩ ትሰወራለች፤ ሥርዓቷ ነው። አንተ ግን በተሰወረችበት ቀን አየኋት አልህ። ባትታይ ምን ጎደለህ?» ብለው ጨዋቸውን ይዘው ሄዱ።

ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። ካሜራ በእጃቸው ይዘው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ፥ ያለ ወረቀትና ያለ መሣሪያ፥ በጣታቸው አንጓ ብቻ የካሜራዬን ውሸት አወጡት። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ጥንቆላ እንዳይመስልህ። ማንም ሊማረው የሚችል ቁጥር ነው። ጨረቃ ዙሯን ጨርሳ እንደ ገና ለመታደስ 29 ቀን ተኩል ያህል ይፈጅባታል። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ይሆናል ማለት ነው። የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀን ከሩብ ነው። ልዩነቱ 11 ቀን ያህል ነው፤ ሊቃውንቱ ጥንተ አበቅቴ የሚሉት ይህን 11 ነው። በየዓመቱ 11 እየጨመሩ፥ 30 ሲሞላ እየገደፉ ይሄዳሉ፤ በ19 ዓመትም ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። 2011ን ብትፈልግ 5,500 ጨምረህ 7,511 በል፤ ለ19 ስታካፍለው 6 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ስትተወው ወንበሩ 5 ይሆናል፤ 5 በ11 ሲባዛ 55፤ 30 ሲገደፍ 25። የኔታ የነገሩኝ አበቅቴ ይኸው ነው። ሕፀጹም የእኛ ወር 30 ቀን፥ የጨረቃ ወር ግን 29 ተኩል ስለ ሆነ በሁለት ወር አንድ ቀን የምትጨመረው ናት፤ በታኅሣሥ ሁለት ደርሳለች።

የዘመኑ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሌትም ከየኔታ ጋር ይስማማል። በዋዜማው፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በጃፓንና በምሥራቅ ሳይቤሪያ ፀሐይ በከፊል ተጋርዳ ነበር። ፀሐይን የምትጋርደው ጨረቃ ናት። በቀን ከፀሐይ ፊት የቆመች ጨረቃ በዚያው ሌሊት ሞልታ በቤተ ጊዮርጊስ ላይ እንዴት ትወጣለች?

ሁለተኛም ማስረጃ ነበረብኝ፤ አላስተዋልሁትም እንጂ። የጨረቃ ስፋት 3,474 ኪሎ ሜትር፥ ከእኛ ያላት ርቀት በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ርቀቷ ስፋቷን 110 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ጨረቃ በሰማይ ላይ ከምታስበው በላይ ትንሽ ናት። ክንድህን ዘርግተህ ትንሿን ጣትህን ብታነሣ ሙሉ ጨረቃ ከጥፍርህ ኋላ ትደበቃለች። ዛሬ ማታ ሞክረው። 12 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሕንጻ ከጨረቃ ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይህ ብትፈልግ ከ1,300 ሜትር በላይ ርቀህ መቆም አለብህ። እኔ የቆምሁት ከአፋፉ ላይ፥ የድንጋይ ውርወራ በማይሞላ ርቀት ነበር፤ ጨረቃዬ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ግማሽ ታህል ነበር። ዓይን ያለው ሁሉ ሊያውቅብኝ ይችል ነበር፤ ሆኖም ያወቀብኝ የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

አንተ «ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሥዕል ነው፤ ማንን ጎዳ?» ትለኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እንዲህ እያልሁ አጽናንቼዋለሁ። ነገር ግን ነገሩን አስበው። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በጨረቃ ላይ አረፉ። ከዚያ በኋላ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው 12 ሰዎች በጨረቃ መሬት ተራምደው 382 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይና አፈር ይዘው ተመለሱ። እዚያ ትተውት የመጡት መስተዋት እስከ ዛሬ ከምድር የሚላክለትን ብርሃን እየመለሰ የጨረቃን ርቀት ያስለካል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዓለም ሁሉ፥ በእኛም አገር፥ «ያ ሁሉ የተቀነባበረ ሥዕል ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሰው ማን አስተማረው? እኔን የመሰለ ሰው አስተማረው! ሐሰተኛው ፎቶግራፍ ሲበዛ እውነተኛው ይጠረጠራል። ሐሰተኛ ብር የሚያትም ሰው የሚሰርቀው አንድ ነጋዴን ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን ብር በሁሉ ኪስ ውስጥ ያረክሰዋል። በብርድ ቆሞ እውነተኛ ጨረቃ ያነሣው ልጅ፥ «ይኼም እንደ እንትና ቀጥሎት ነው» ሲባል ዋጋውን የቀማሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ትምክሕተኛው እመለሳለሁ። ይህን የየኔታን ታሪክ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ «አላልሁም? አባቶቻችን ሁሉን ያውቃሉ! ፈረንጅ የሠራው ሁሉ ከእኛ የተወሰደ ነው» ይላል። ለዚህ ሰው የምሰጠው መልስ የራሳቸው የየኔታ መልስ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ እሑድ ማለዳ፥ የጨረቃ ጥላ በኢትዮጵያ ላይ ሲያልፍ ላሊበላ በመንገዱ ላይ ነበረች። ጨረቃ ከፀሐይ ጥቂት አንሳ ስለ ታየች ፀሐይን ፈጽማ ሳትሸፍን ዙሪያዋን እንደ ቀለበት አስቀርታ ነበር። ከጥቂት ቀን በፊት ወደ የኔታ ሄጄ፥ «ቁጥርዎ ስለዚህ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆጠሩ። «አበቅቴ 6፥ የሰኔ ሕፀጽ 5፥ ዕለቱ 14፥ የጨረቃ 4፤ ድምሩ 29። ጨረቃ በዚያ ቀን መጨረሻዋ ነው፤ ከፀሐይ ጋር ትገናኛለች። ፀሐይ የምትጋረደው በእንዲህ ያለ ቀን ብቻ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀን በየወሩ አለ። በስንት ሰዓት፥ በየትኛው አገር ላይ ጥላው እንደሚወድቅ ይህ ቁጥር አይነግረኝም። እሱን እናንተ ንገሩኝ» አሉኝ። እኔም ጥላው የሚያልፍበትን መንገድ በካርታ አሳየኋቸው። ከመነጽራቸው በላይ እያዩ፥ «እንዴት ደርሰው አወቁት? አስረዳኝ» አሉ። ሰማንያ ዓመት የቀረባቸው ሰው ተማሪ ሆነው ፊቴ ተቀመጡ፤ እኔ ግን በደንብ ማስረዳት አልቻልሁም። የዚያን ቀን ኀፍረት ከመደብሩ ኀፍረት አያንስም።

ትምክሕተኛ ሆይ፤ ልዩነቱን አየኸው? የባሕረ ሐሳብ ሊቅ የሚያውቀውን ያውቃል፥ የማያውቀውንም ይጠይቃል። አንተ ግን የእርሱን ዕውቀት ሳትማር በእርሱ ትኮራለህ። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉ አድርጎ የጠበቀው የግዕዝ ቋንቋ ነው፤ ይህ ታላቅ ክብራችን ነው። በዚያ መጽሐፍ ዓመቱ 364 ቀን ተብሎ ተቆጥሯል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ አድርገው ይዘው በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ያደርጋሉ። እነርሱ የተቀበሉትን ብቻ እየደገሙ አልኖሩም፤ ቀና ብለው አይተዋል፥ ቆጥረዋል፥ ጨምረዋል። አባቱ ስንት ጥማድ በሬ እንደ ነበረው እያወራ እርሻውን ጦም የሚያሳድር ልጅ ለአባቱ ክብር ነው ወይስ ውርደት? አበቅቴን አስልቶ የማያውቅ፥ ቴሌስኮፕም ዓይኑን ያላስጠጋ ሰው፥ በሁለቱም መካከል ባዶ እጁን ቆሞ ስለ ምን ይመካል?

ፌዘኛው ግን ከሁለቱ ይልቅ የተሻለ ክርክር አለው፤ ስለዚህ በአክብሮት እመልስለታለሁ። «በተራበ ሕዝብ መካከል ስለ ሰማይ ማውራት ነውር ነው» ይላል። ይህን ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልገውም። የእኛ አገር ረኃብን ከመጽሐፍ አላነበበውም። እንግዲያውስ ስለ ረኃብ እንነጋገር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፍኖ ነበር። ለዓለም የገለጠው አንድ የካሜራ ፊልም ነው፤ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምቢልቢ ወደ ወሎ መጥቶ ያነሣው፥ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን የታየው ፊልም ነው። ያ ካሜራ ያየውን አሳየ፤ እርዳታም ተሰበሰበ። ይኸው ፊልም ከዓመት በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት፥ የቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል እየተቀጠለበት በሀገራችን ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ የፈለግኸውን ፍርድ ስጥ፤ እኔ ግን አንድ ነገር እላለሁ። ካሜራ በወሎ ምድር ቀላል ዕቃ ሆኖ አያውቅም። እውነት ሲናገር ነፍስ አድኗል፤ ሲቆረጥና ሲቀጠልም መንግሥት አስለውጧል። እንግዲህ እኔ በዚሁ ምድር ላይ ቆሜ በካሜራ መዋሸቴ ቀልድ አልነበረም።

በ1977ቱም ረኃብ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985፥ አሜሪካኖች የረኃብ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋሙ። ይህም ሥርዓት በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የላኩትን ሥዕል እያየ፥ የምድሩ ልምላሜ በየትኛው አውራጃ እንደ ቀነሰ፥ ዝናብ የት እንደ ጠፋ አስቀድሞ ይናገራል። እንግዲህ ፌዘኛ ሆይ፥ አስተውል። የሰማይዋ ላም ወተት ይኸውልህ! መንግሥትም ሆነ ሹም ሊደብቀው የማይችል ዓይን በምድራችን ላይ ያለው ሮኬት ስለ ተወነጨፈ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት እንዲቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ የእኛ ረኃብ ነው።

የእኛም አገር በዚሁ አሳብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወነጨፈች። ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ያህል፥ ማለት የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት ነበር፤ የተሠራችውም እርሻን፥ ደንን፥ ውሃንና የአየር ንብረትን ከላይ ሆና ፎቶግራፍ እንድታነሣ ነው። ከብዙው ገንዘብ የሚበልጠውን የረዳችው ቻይና ናት። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩ ሲጀመር አብደዋል ያሏቸው ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን በእንጦጦ ራስ ላይ፥ በ3,200 ሜትር ከፍታ፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ሕንድንም ተመልከት። «ድኻ ሆና ሳለ» እየተባለች ስትታማ ኖራ፥ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. መንኮራኩሯን በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ በሰላም አሳረፈች።

እውነቱን ለመናገር ግን ፌዘኛው ፈጽሞ አልተሳሳተም። ሳተላይት ድርቅን ያሳያል እንጂ እህል አይሰፍርም። ዓይን አይቶ እጅ ካልዘረጋ ማየቱ ምን ይጠቅማል? ለፉከራ ብቻ የሚወነጨፍ ሮኬት፥ ለታይታ ብቻ የሚቆም ቴሌስኮፕ፥ እርሱ በእውነት ላም በሰማይ ነው። እንግዲህ ተረቱን ለሚፎክሩት እንተውላቸው፤ ለሚያየውና ለሚቆጥረው ልጅ ግን አይደለም። ደግሞስ ጨረቃን ማየት የማንን ዳቦ ይቀንሳል? ግብር የለበትም፥ ቲኬት አይቆረጥለትም። ለላስታ እረኛ እግዚአብሔር በነጻ የዘረጋለት ሰማይ የትልልቅ ከተሞች ሀብታም በገንዘቡ የማያገኘው ነው። በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ከፍታዎች ላይ ታላቅ የሰማይ መመልከቻ የማቆም አሳብ ከአሥር ዓመት በላይ ሲነገር የቆየው ስለዚሁ ነው፤ ከፍታው፥ ጥራቱና ጨለማው ሀብት ስለ ሆነ። ነገር ግን መመልከቻው ቢቆም እንኳ በውስጡ የሚቀመጠው ማነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ሰማይን ማየት ያሳፈሩት ልጅ አይሆንም። ያኔ ከሌላ አገር የመጣ ሰው በእኛ ተራራ ላይ ቆሞ የእኛን ሰማይ ያነብልናል፤ እኛም ሻይ እናፈላለታለን።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምን አድርግ ነው የምልህ? ትንሽ ነገር ነው። አንድ ደብተር ያዝ። ሠላሳ ሌሊት በተከታታይ ጨረቃን ፈልጋት፤ ካሜራ ወይም ስልክ ካለህ አንሣት፤ ከሌለህ በእርሳስ ሣላት። ከሥሩ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፍ። ደመና ከሆነ «ደመና ነበረ» በል፤ ካንቀላፋህም «አንቀላፋሁ» ብለህ ጻፍ። ጨረቃ ከሰማይ ስትጠፋ ገጹን ባዶ ተወው፤ ያ ባዶ ገጽ ከደብተርህ ሁሉ የከበረ ነው።

ስታነሣት ደግሞ ይህን አስብ። ጨረቃ መብራት አይደለችም፤ የፀሐይ ብርሃን የሚያርፍባት ድንጋይ ናት፤ እዚያ ላይ ቀን ነው። ስለዚህ በሌሊት እንዳለህ ቆጥረህ የካሜራህን ዓይን ብዙ ጊዜ ብትከፍተው ነጭ እድፍ ብቻ ይተርፍሃል፤ የቀን ሥዕል እንደምታነሣ ብርሃኑን ቀንስ። ሙሉ ጨረቃ ታምራለች እንጂ ብዙ አታስተምርም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የለባትምና። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ የተራራዋና የጎድጓዳዋ ጥላ ረዝሞ ይታይሃል። በማለዳ ፀሐይ የላስታን ገደላገደል እንደምታየው ማለት ነው። አንዳንድ የዛሬ ስልኮች ደግሞ ደብዛዛውን ጨረቃ በራሳቸው አሳምረው ያላዩትን ይጨምሩበታል፤ ስለዚህ ስልክህ ያሳየህን ሁሉ ከዓይንህ ጋር አመሳክር። መሣሪያህ ሲዋሽልህ ዝም ብትል ውሸታሙ አንተ ነህ።

የእኔን ነገር ልጨርስ። ወደ ነጋዴው ሄጄ ሥዕሉን አውርድልኝ አልሁት፤ ምክንያቱንም ነገርሁት። በማኅበራዊ መገናኛም ላይ እውነቱን ጻፍሁ። ያደነቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ ሰደቡኝ፤ የቀሩትም ረሱኝ። ይገባኝ ነበር። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» እንዲሉ፥ ያ ሁሉ አድናቆት በአንድ ቀን ገለባ ሆነ።

የካቲት 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ማታ ግን ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ ወጥቼ አንድ ጨረቃ አነሣሁ። ግማሽ ናት፤ ትንሽ ናት፤ ጠርዟም በትንሹ ደብዝዟል። ከሥሯ ምንም ቤተ ክርስቲያን የለም። አሳትሜ ለየኔታ ወሰድሁላቸው። ቀኑን ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ፤ «አበቅቴ 25፥ ሕፀጽ 3፥ ዕለቱ 5፥ የጨረቃ 4፤ 37፤ 30 ሲገደፍ 7» አሉ። ሥዕሉን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩት። «የሰባት ቀን ጨረቃ ግማሽ ናት። ልክ ነው» አሉና ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩበት በመጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጨረቃ አንሥቻለሁ፤ ከየኔታ «ልክ ነው» የሚበልጥ ምስጋና ግን አላገኘሁም። አንተም ላም አለኝ በሰማይ ብለው ሲያፌዙብህ አትቆጣ፤ ደብተርህን ገልጠህ አሳያቸው።